ቦርከና ሲደፈርስ ክሮሙ ከየት ይመጣል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ በታች ካለው ከጨፋ ሜዳ ነው። ጠያቂው የግብርና ልማት ሠራተኛ ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«የምሠራው በቦርከና ወንዝ ዳር ባለ ቀበሌ ነው። አርሶ አደሮቻችን በሞተር እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማሉ። ቧንቧ ያልደረሳቸው ከወንዙ ይጠጣሉም። በየካቲት ውሃውን አስመርምረን ክሮም ‹አልተገኘም› ተባልን። በሐምሌ፣ ጎርፍ በመጣ ማግስት ስናስመረምር ግን ክሮሙ ከመጠጥ ውሃ ልክ በላይ ወጣ። ብረትና ማንጋኒዝም እንደዚያው። ናይትሬት ደግሞ 14 ይላል። በእኛ ቀበሌ አንድም ፋብሪካ የለም። ሰዉ ‹ከላይ ያሉት ፋብሪካዎች ክረምትን ጠብቀው ይለቁብናል› ይላል። እውነት ነው? ውሃው ለመጠጥና ለመስኖስ ይሆናል? ቀጣዩን ናሙና መቼ እንውሰድ?»

በዚህ ወረቀት ብቻ «ፋብሪካ ለቀቀ» ማለት አይቻልም። «አልለቀቀም» ማለትም አይቻልም። ክሮም ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግል ብረት ስለሆነ ፋብሪካ መጠርጠሩ አይገርምም። እኔ የምገምተው ግን በሐምሌው ጠርሙስ ውስጥ ከነበረው ክሮም አብዛኛው ከተራራው ታጥቦ የመጣ መሆኑን ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ እናስብ። ጎርፉ በመጣ ማግስት አንድ ሰው ወንዙ ዳር ወርዶ ቡናማውን ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞላው። ጠርሙሱ ላብራቶሪ ደረሰ። እዚያ ናይትሪክ አሲድ ተጨመረበት። ይህ የተለመደ አሠራር ነው። አሲዱ የሟሟው ክሮምም ሆነ ሌላ ብረታ ብረት በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ ይከላከላል። ግን ውሃው ሳይጣራ አሲድ ከገባበት፣ አሲዱ አፈሩንም መብላት ይጀምራል። አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረ ክሮም፣ ብረትና ማንጋኒዝ ይፈታል። መሣሪያው ደግሞ ይህ ከአፈር፣ ያ ከቱቦ ብሎ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ ደምሮ ይነግራችኋል።

አፈሩ ውስጥ ምን ያህል ክሮም ሊኖር ይችላል? ደሴና ኮምቦልቻ ዙሪያ ያሉት ተራሮች በአብዛኛው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ) ናቸው። ባዛልት በተፈጥሮው ክሮም ይወዳል። በዓለም አቀፍ አማካይ በአንድ ኪሎ ባዛልት ውስጥ 170 ሚሊ ግራም ገደማ ክሮም አለ። ከባዛልት የተገኘ አፈርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። 150 እንበለው። የጎርፍ ውሃ በአንድ ሊትር 2 ግራም አፈር ቢይዝ (ይህ ለክረምት ጎርፍ ብዙ አይደለም) በሊትሩ ውስጥ 0.3 ሚሊ ግራም ክሮም አለ ማለት ነው። አሲዱ ግማሹን ብቻ ቢያወጣ እንኳ 0.15 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ልክ 0.05 ነው። ሦስት እጥፍ አለፈ። ማንም ምንም ሳይለቅ።

ብረቱማ ከዚህም ይብሳል። ባዛልት ከመቶ 8 ያህሉ ብረት ነው። በሊትር 1 ግራም አፈር የያዘ ውሃ ወደ 80 ሚሊ ግራም ብረት ተሸክሟል። ስለዚህ የሐምሌው ወረቀት ላይ ብረትና ማንጋኒዝ አብረው ከፍ ማለታቸው ለእኔ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሦስቱ አብረው የሚወጡት አፈር ሲታጠብ ነው።

ይህን በግምት መተው አያስፈልግም፤ ማጣራት ይቻላል። ላብራቶሪውን አሉሚኒየምንም እንዲለካ ጠይቁት። አሉሚኒየም የአፈር መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል፤ በሸክላ አፈር ውስጥ በብዛት አለ፣ ከፋብሪካ የሚመጣው ግን ከዚህ አንጻር ጥቂት ነው። ከዚያ ክሮሙን ለአሉሚኒየም አካፍሉ። ከወንዙ ርቆ፣ ከሰው እጅም ርቆ ካለ ተራራ ላይ አፈር ውሰዱና በዚያም ላይ ያንኑ ስሌት ሥሩ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ክሮሙ የአፈሩ ነው። የወንዙ በሁለትና በሦስት እጥፍ ከበለጠ የተጨመረ ነገር አለ። ሊድንም (እርሳስ የሚባለውን ብረት) እዩ። ባዛልት ውስጥ ያለው ሊድ ከክሮሙ ከሃያ እጥፍ በላይ ያንሳል። ወረቀታችሁ ላይ ሊዱ ክሮሙን የሚጠጋ ከሆነ ተራራውን አትክሰሱ። ከሰው የመጣ ነው።

ወደ ሰው ከመጣን፣ ወንዛችሁ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነስቶ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ፣ በሐርቡ በኩል ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል። ከሚሴን ካለፈ በኋላ ጉዞው ወደ አዋሽ ነው። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። በዚህ ውሃ የተጫነ ነገር ሁሉ ከአገር ጓዳ ውስጥ አይወጣም ማለት ነው። መንገድ ላይ ይቀራል፣ አለዚያ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ይከማቻል።

«በቀበሌያችን ፋብሪካ የለም» ማለት ስለዚህ ብዙ አይረዳም። ወንዙ ሁለት ትልልቅ ከተሞች አልፎ ነው የሚደርሳችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳ፣ ብረታ ብረትና ቢራ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ግን ፋብሪካ የከተማው ብክለት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ከተማ ራሱ ይበክላል። ለምሳሌ ቆርቆሮ። የቤታችን ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ዝናብ በመታው ቁጥር ዚንክ ይሟሟል። በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ከጣሪያ የሚያወርደው ዚንክ ቀላል አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ ስንት ቆርቆሮ ቤት አለ? ይህ ሁሉ ጣሪያ አንድ ላይ የሚሠራ «ፋብሪካ» ነው፤ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ተቆጣጣሪም የለውም። በዚያ ላይ የጋራዥ ዘይት አለ። ወንዝ ዳር የሚታጠብ መኪና አለ። ሜዳ ላይ የተጣለ አሮጌ ባትሪ አለ። የመንገድ አቧራ አለ፤ ሊድ ያለው ቤንዚን ከቀረ ዓመታት ቢቆጠሩም በመንገድ ዳር አፈር ውስጥ የተቀመጠው ሊድ የትም አልሄደም።

እንዲህ ያለውን ብክለት አስቸጋሪ የሚያደርገው ጣት የሚቀሰርበት አለመኖሩ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጃችን፣ ቁጥር 300/1995፣ ቱቦ ያለውን በካይ ለመያዝ ጥሩ ነው። በካይ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደለቀቀ፣ ከልክ በላይ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ሃያ ሺህ ጣሪያ ወይም አንድ ሙሉ ወረዳ ማሳ ሲሆን ግን ማን ይከሰሳል?

አሁን የሰዉን ወሬ እንየው። «ክረምትን ጠብቀው ይለቃሉ» የሚለው እንዲያው የሚጣል አይደለም። በብዙ አገር የታየ ነገር ነው፤ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ግን የክረምት ናሙና ይህን ለማረጋገጥ ከሁሉ የከፋው ማስረጃ ነው። ወንዙ ሲሞላ የቱቦው ፍሳሽ ይቀጥናል፣ የአፈሩ ክሮም ደግሞ ይውጠዋል። ፋብሪካ መከታተል የፈለገ ሰው ጎርፍ ሳይሆን ድርቅ ይጠብቃል። በበጋ፣ ወንዙ አንሶ ሲሄድ፣ ዝናብ ባልዘነበባቸው ቀናት። ያኔ ከከተማው በላይ አንድ፣ ከከተማው በታች አንድ ናሙና ይወሰዳል። ልዩነቱ ከመካከል የገባው ነው። በዚያ ወቅት ከቱቦ የሚወጣ ነገር ሁሉ ተራቁቶ ይታያል። በእኔ ፍርድ፣ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ይለቃል ብሎ የጠረጠረ ሰው የክረምቱን ገንዘብ ቆጥቦ ለበጋ ቢያውለው ይሻላል።

ደለሉንም አትርሱ። ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለው ክሮም ወንዝ ሲገባ ብዙ አይቆይም። ሦስት ቁጥር የሚባለው የክሮም ዓይነት ነውና ከደለል ጋር ተያይዞ ይሰምጣል። ውሃው ንጹሕ መስሎ ሳለ ከታች ያለው ጭቃ ሞልቶ ይሆናል። ስለዚህ ከበጋው ውሃ ጋር፣ ውሃው ከሚተኛበት ጥግ ጥግ ላይ፣ ከላይ ያለውን ስስ ጭቃ አንድ ማንኪያ ውሰዱ። ከከተማው በላይና በታች። ደለል ታሪክ ይይዛል፤ ትናንት ሌሊት የተለቀቀውንም ያለፈው ዓመቱንም። አደገኛው ስድስት ቁጥር ክሮም ነው። እሱ በውሃ ይሟሟል፣ ካንሰር ያመጣል። እሱን ለማወቅ የተጣራ ውሃ ለብቻው መመርመር አለበት። «ጠቅላላ ክሮም» የሚል ወረቀት ይህን አይነግራችሁም።

ናይትሬቱ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሳይጠየቅ ምንም መናገር አይቻልም። 14 ምን? ላብራቶሪዎች ናይትሬትን በሁለት መንገድ ይጽፋሉ። አንዳንዱ የናይትሬቱን ሙሉ ክብደት ይጽፋል። ሌላው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4.43 እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሙሉ ናይትሬት 50፣ በናይትሮጅን ሲጻፍ 11.3 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። የእናንተ 14 ሙሉ ናይትሬት ከሆነ ምንም አይደል፣ ከልኩ ሩቅ ነው። ናይትሮጅን ከሆነ ግን 62 ናይትሬት ማለት ነው፤ ከልክ በላይ ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፍርድ። ፎስፌትም እንደዚያው ነው። እዚያ ልዩነቱ 3.07 እጥፍ ነው። ስልክ ደውሉና ጠይቁ፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እስቲ 62 ነው ብለን እናስብና፣ ከየት መጣ? ናይትሬት እንደ ክሮም ከአፈር ጋር አይጣበቅም። ውሃ በሄደበት ይሄዳል። በጋውን ሙሉ በአፈር ውስጥ የእንስሳት እበትና ሽንት፣ የሰብል ቅሪት እየበሰበሰ ናይትሬት ይጠራቀማል። የሚበላው ተክል የለም፤ ማሳው ባዶ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ይመጣና የተጠራቀመውን አንድ ላይ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ የሐምሌ መጀመሪያ ናይትሬት ከነሐሴ መጨረሻው ሊበልጥ ይችላል፣ ዝናቡ ግን በነሐሴ ቢበረታም። ማዳበሪያም አለ። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ነው። ሰማዩ ሲጠቁር አይተው ማሳ ላይ ከበተኑት፣ ያወጡበት ብር አብሮ ወንዝ ገባ ማለት ነው። በየመንደሩ ያለ ሽንት ቤት፣ በየከተማው ያለ የተቆፈረ ጉድጓድም ድርሻ አለው።

ፎስፈረስ ሌላ ጠባይ አለው። ከአፈር ጋር ተጣብቆ ነው የሚጓዘው። አፈር ያቆመ ሰው ፎስፈረስ አቆመ፣ ክሮምም አቆመ። ለአልጌ በጣም ጥቂት ይበቃዋል፤ በሊትር 0.1 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ የቆመ ውሃን አረንጓዴ ለማድረግ በቂ ነው። ወንዙ እየሮጠ ሳለ ብዙም አይታይም። ኩሬና ግድብ ሲደርስ ግን ይታያል።

እዚህ ላይ ከወረቀቱ የሚጎድለውን ትልቁን ነገር ልንገራችሁ፦ የወንዙ የውሃ መጠን። በሊትር ስንት እንደሆነ ብቻ ማወቅ፣ የእቃውን ዋጋ አውቆ ስንት እንደተገዛ አለማወቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዘ ውሃ በሰከንድ 1 ሜትር ኪዩብ ቢፈስ በቀን 86.4 ኪሎ ይሸከማል። ምሳሌ ልስጥ፤ የቦርከና ልኬት አይደለም። በበጋ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ኪዩብ የሚፈስ ወንዝ፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ቢይዝ፣ በቀን 86 ኪሎ ያወርዳል። ያው ወንዝ በክረምት 40 ሜትር ኪዩብ ሲሆንና ናይትሮጅኑ 5 ሲደርስ በቀን ከ17 ሺህ ኪሎ በላይ ይወስዳል። ሁለት መቶ የበጋ ቀናት የሚወስዱት በአንድ የጎርፍ ቀን ሄደ።

ይህ ነገር የምንጩንም ዓይነት ይናገራል። ውሃው ሲጨምር በሊትር ያለው መጠን ከቀነሰ፣ ምንጩ ቀንም ሌሊትም የሚፈስ ቱቦ ነው፤ ወንዙ ያቀጥነዋል። ውሃው ሲጨምር መጠኑም አብሮ ከጨመረ ግን የሚመጣው ከማሳ፣ ከመንገድና ከጣሪያ ነው። የእናንተ ሁለት ናሙናዎች ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ። ሁለት ናሙና ግን ሁለት ነጥብ ነው፤ መስመር አይሰመርበትም።

ስለ ጨፋ ረግረግ ደግሞ በደንብ ላውራ፤ እናንተ ጋ ካለው ሀብት ትልቁ እሱ ስለሆነ። ወንዙ ከኮምቦልቻ ቁልቁለት ሲወርድ ይሮጣል። ሜዳው ላይ ሲደርስ ይዘረጋል፣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን አፈር ያራግፋል። ከአፈሩ ጋር ፎስፈረሱና ክሮሙ ይቀራሉ። ደንገሉና ሳሩ ሥር፣ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ቀይረው ወደ አየር ይለቁታል። ይህ ናይትሬትን ለዘለቄታው የሚያስወግድ ነው። ለዚህ አገልግሎት ማንም አንድ ብር አይከፍልም።

ፎስፈረሱና ብረቶቹ ግን አይጠፉም። እዚያ ይቀመጣሉ። ችግሩ ረግረጉ ሲደርቅና ሲታረስ ይጀምራል። በዓመታት የተቀመጠው ደለል ፀሐይና አየር ያገኛል፣ በማረሻ ይገለበጣል፣ በሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ወደ ወንዙ ይመለሳል። ማጠራቀሚያ የነበረው ምንጭ ይሆናል። ጨፋ በበጋ የአፋርም የኦሮሞም የአርጎባም ከብት የሚመጣበት ግጦሽ መሆኑን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ረግረጉ ሲጠብ የሚጎዳው ውሃው ብቻ አይደለም። ሽንኩርት በአንድ ወቅት የሚያስገባው ብር ዓይን ይስባል፤ አልፈርድም። እርስዎ ግን ልማት ሠራተኛ ነዎትና አዲስ ቦይ ተቆፍሮ ረግረግ ሲደርቅ ዝም ብለው አይለፉ።

ወደ መጠጡ ልምጣ። ከወንዙ መጠጣት ያለባቸው ሰዎች ከክሮም በፊት የሚያሰጋቸው ተቅማጥ ነው። ይህን ቅደም ተከተል እንዳታዛቡት። በጥቂት ክሮም የሚመጣ ጉዳት በዓመታት ነው፤ የጎርፍ ውሃ የጠጣ ሕፃን ግን በሳምንት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ይርጋ። አንድ ሌሊት በጀሪካን ወይም በእንስራ ተቀምጦ ጠዋት ከላይ ያለው ብቻ ቀስ ተብሎ ይቀዳ። ይህ ብቻውን ከአፈሩ ጋር ያለውን ክሮምና ብረት አብዛኛውን ያስቀራል። ከዚያ በነጠላ ድርብርብ ይጠለል፣ ከዚያ ይፈላ ወይም ውሃ አጋር ይጨመርበት። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ድፍርስ ውሃ ላይ ውሃ አጋር ማድረግ መድኃኒቱን ማባከን ነው፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋል።

ማፍላትና ክሎሪን ጀርም ይገድላሉ እንጂ ናይትሬትና የሟሟ ክሮምና ብረት አይነኩም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲሄድ የቀረው ይወፍራል። ለአዋቂ ይህ ብዙ ለውጥ የለውም። ከስድስት ወር በታች ላለ፣ በጡጦ ወተት ለሚያድግ ሕፃን ግን ናይትሬት ከልክ ሲያልፍ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ከንፈሩና ጥፍሩ ይጠቁራል። የጡት ወተት የሚጠባ ሕፃን ከዚህ የተጠበቀ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አንድ ቀን ይዘዋት ይሂዱና ይህን ትንገር። ሌላም አደራ አለኝ፦ ወንዝ ዳር፣ ከበረት አጠገብ የተቆፈሩ ጉድጓዶችን አስመርምሩ። ውሃቸው ጥርት ያለ ስለሆነ ሰው ያምናቸዋል። ናይትሬታቸው ግን ከወንዙ ሊብስ ይችላል።

ለመስኖው ብዙ አትጨነቁ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለረጅም ጊዜ መስኖ ያስቀመጠው ልክ ለክሮም 0.1፣ ለማንጋኒዝ 0.2፣ ለዚንክ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። በበጋ፣ ውሃው ሲጠራ፣ የምትስቡት ከዚህ በታች ከሆነ ሽንኩርታችሁን አጠጡ። ክሮም ደግሞ ወደ ቅጠልና ፍሬ የመውጣት ልማድ የለውም፤ ሥር ላይ ይቀራል። ሰላጣና ጎመን የሚተክል ካለ ግን ቅጠል ላይ የሚረጭ ውሃ ይቅርበት፤ በቦይ ያጠጣ። ጭቃ የነካው ቅጠል ታጥቦም ጥጉ ላይ አፈር አያጣም።

ማዳበሪያ ውስጥ ካድሚየም አለ ሲባል ሰምተው የሚጨነቁም ስላሉ አንድ ስሌት ልጨምር። እውነት ነው፣ የፎስፌት ድንጋይ ካድሚየም ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ኪሎ የፎስፌት መጠን 60 ሚሊ ግራም ነው። ማዳበሪያችን እዚያ ጣሪያ ላይ ቢሆን እንኳ፣ በኤንፒኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ፎስፌቱ ከመቶ 38 ስለሆነ፣ አንድ ኩንታል ወደ 2.3 ግራም ካድሚየም ያመጣል። አንድ ሄክታር የእርሻ አፈር 2,500 ቶን ገደማ ይመዝናል። በቶን 1 ሚሊ ግራም እንኳ አይደርስም። አፈር በተፈጥሮው ያለውን ካድሚየም እጥፍ ለማድረግ በዚህ አካሄድ መቶ ዓመት አይበቃም። በዚህ ምክንያት ማዳበሪያ አትከልክሉ።

ማሳ ላይ የሚሠራው ሥራ እንግዲህ አፈር ማቆም ነው። ከላይ ያለው እርከንና የቦረቦር ክትር የእናንተ ቀበሌ ሥራ ባይሆንም፣ በወረዳ ስብሰባ ላይ ይህን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። ከወንዙ ዳር ደግሞ አምስትም አሥርም ሜትር ሳይታረስ ቢቀርና ዝሆኔ ሳር ወይም ደሾ ቢተከልበት ጎርፉ እዚያ ይበርዳል፣ አፈሩ ይቀራል። ገበሬ መሬቱን ለወንዝ ብሎ አይለቅም። ለመኖ ብሎ ግን ይለቃል፤ እየታጨደ ለከብት የሚሰጥ ሳር ከሆነ ንግግሩ ይቀላል። ከብት ወንዙ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠጣ፣ ከዳሩ ራቅ ያለ ገንዳ ይሠራ። ዩሪያ ደግሞ በአንዴ አይለቅ፤ ይከፋፈል፣ አፈር ይልበስ፣ ዶፍ ዝናብ በታሰበበት ቀን ይቅር።

አሁን ናሙናው። ከክረምቱ የመጀመሪያ ትልቅ ጎርፍ አንድ ቀን ብቻ ምረጡና በየሁለት ሰዓቱ ውሰዱ፤ ውሃው ሲወጣም ሲወርድም። ብዙ ጊዜ ብክለቱ ከውሃው ጫፍ ቀድሞ ይመጣል። ማግስቱን የወሰዳችሁት ናሙና ጅራቱን ነው የያዘው። ጎርፍ ውስጥ ማንም አይግባ፤ ከድልድይ ላይ በገመድ ባልዲ አውርዱ። ባልዲው የፕላስቲክ ይሁን። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ይጨምርበትና የሌለ ብክለት ታገኛላችሁ።

በየናሙናው ሦስት ጠርሙስ ሙሉ። አንዱ እዚያው ወንዙ ዳር በሲሪንጅና በ0.45 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ተጣርቶ ከዚያ አሲድ የተጨመረበት፤ የሟሟውን ክሮምና ብረት እሱ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ሳይጣራ፣ ለጠቅላላው። ሦስተኛው አሲድ የሌለበት፣ በበረዶ ተይዞ በአንድ ቀን ውስጥ ላብራቶሪ የሚደርስ፣ ለናይትሬትና ለፎስፌት። ይህ ሞቃት መኪና ውስጥ ሦስት ቀን ከቆየ ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ሠርተው ሌላ ውሃ ታስመረምራላችሁ። አንድ ጠርሙስ ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ውሃ ከላብራቶሪው ወስዳችሁ ወንዝ ዳር ድረስ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ በዚያው ማጣሪያ አሳልፋችሁ መልሱት። እሱ ላይ ዚንክ ወይም ሊድ ከተገኘ ችግሩ ከእጃችሁ ወይም ከዕቃችሁ ነው።

የውሃውን መጠን ለመገመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃው በረድ ሲል ቀጥ ያለ ቦታ ላይ 20 ሜትር ለኩ። ብርቱካን ጣሉ፣ ሰዓት ያዙ። በ25 ሰከንድ ካለፈ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው። ከታች ያለው ውሃ ከላዩ ስለሚዘገይ በ0.85 አባዙት፤ 0.68 ይሆናል። ወንዙ 8 ሜትር ስፋት፣ በአማካይ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ካለው 4 ሜትር ካሬ ነው። ተባዝቶ 2.7 ሜትር ኪዩብ በሰከንድ። ለጎርፉ ቀን ደግሞ ድልድዩ ምሰሶ ላይ በቀለም ሜትር ምልክት አድርጉና ውሃው የት እንደደረሰ ከናሙናው ሰዓት ጋር ጻፉ።

ለላብራቶሪው ስትደውሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። ናይትሬቱ 14 የተጻፈው እንደ ምን ነው? የሐምሌው ናሙና አሲድ ከመጨመሩ በፊት ተጣርቶ ነበር? ሦስተኛው ስለ የካቲቱ «አልተገኘም» ነው፦ መሣሪያው ከምን ያህል በታች ክሮም አያይም? መልሱ 0.05 ከሆነ የየካቲቱ ወረቀት ስለ ፋብሪካዎቹ ምንም አይናገርም፤ በጋውን እንደገና መለካት ይኖርባችኋል።